ተቀመጥ ሲሉት በጭንቅላቱ የተቀመጠው ሰው

ባለፈው ዕትም ስለ ሮቢን ዊሊያምስ ሁለት መስመር ብቻ ነበር የጻፍነው፣ "ከስታንድ አፕ ኮሜዲ ወደ ፊልም ትወና የተሻገረ" ብለን አለፍነው፣ ከዛ በኋላ ግን የጥያቄ መዓት መጣ። ስለዚህ የዛሬው የጥያቄና መልስ ገጽ ሙሉ በሙሉ የሱ ነው። ወራቱም ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ይሄን ሰውዬ የማውቀው በ"ሚሲስ ዳውትፋየር" ነው፣ ልጅ ሆኜ ሆዴን ይዤ እየሳቅኩ ያየሁት ፊልም ነው። ሰሞኑን ደሞ "ጉድ ዊል ሃንቲንግ"ን አየሁና መናፈሻ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ለወጣቱ ልጅ የሚያወራበት ቦታ ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ። ኮሜዲያን አይደል እንዴ? ሲቀልድ የኖረ ሰው እንዴት ነው እንዲህ አድርጎ ቁም ነገር መጫወት የቻለው? ትወናውንስ የት ነው የተማረው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ትወና የተማረው ጁሊያርድ ነው፣ ኒውዮርክ ያለው፣ በሙዚቃና በቴአትር ትምህርት አሜሪካ ውስጥ በጣም ከሚከበሩት ትምህርት ቤቶች አንዱ። በ1973 ገብቶ በ1976 ወጣ። እና እኛም እንደጻፍነው "ኮሜዲያን ነበር፣ በኋላ ተዋናይ ሆነ" ሲባል ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፣ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ምክንያቱም ሰውየው ማይክ ይዞ ስሙ ከመታወቁ በፊት ድምፅ አወጣጥ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ የጥንት ቴአትር ምናምን ሲሰለጥን የቆየ የድራማ ተማሪ ነው። የድራማ ክፍሉን ይመራ የነበረው ጆን ሃውስማን በዛን ዓመት ወደ ከፍተኛው ፕሮግራም ያስገባው ሁለት ሰው ብቻ ነበር፣ አንዱ ዊሊያምስ፣ ሁለተኛው በኋላ ሱፐርማንን የተጫወተው ክሪስቶፈር ሪቭ። ኒውዮርክ እያለ ደሞ ፊቱን ነጭ ቀብቶ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ማይም ይሰራ ነበር፣ ማለትም አንድ ቃል ሳይናገር በሰውነቱ ብቻ ታሪክ የሚነግር ትወና። በአፉ ፍጥነት ዓለም የሚያውቀው ሰው አፉን ዘግቶም መስራት ይችል ነበር ማለት ነው፣ ይሄን ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የተወለደው በ1951 ቺካጎ ነው። አባቱ ፎርድ መኪና ኩባንያ ውስጥ ትልቅ ኃላፊ ነበሩ፣ ገንዘብ የማይቸግርበት ቤት ነው ግን ብቸኝነት ነበረበት፣ ሚሺጋን ውስጥ ትልቅ ቤት፣ ብዙ ክፍል፣ ልጁ ከአሻንጉሊት ወታደሮቹ ጋር ብቻውን ሲጫወት ይውላል። ማሳቅ የጀመረው እናቱን ለማሳቅ ብሎ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ተዋናይ መሆን እፈልጋለሁ ሲላቸው አባቱ ያሉት ነገር ደሞ በጣም ደስ ይለኛል፣ "ጥሩ ነው፣ ብቻ እንደ ብየዳ ያለ ሌላ ሙያ በመጠባበቂያ ያዝ" አሉት። በ1998 ለ"ጉድ ዊል ሃንቲንግ" በረዳት ተዋናይ ኦስካር ሲቀበል በንግግሩ መጨረሻ ላይ ያመሰገነው እኚህን አባቱን ነው፣ ያቺኑ የብየዳዋን ነገር አንስቶ። አባቱ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

ታዲያ ኮሜዲው ከየት መጣ ካልሽ፣ ከጁሊያርድ ወጥቶ ካሊፎርኒያ ሲመለስ የትወና ስራ አጣ። በቃ ይሄው ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሆሊ ሲቲ ዙ የሚባል ጠባብ ክለብ ነበር፣ እዛ መድረክ ላይ መውጣት ጀመረ፣ ከዛ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ኮሜዲ ስቶር የሚባለው ክለብ ውስጥ ታየ። ስታንድ አፕ ለሱ ትወና የሚሰራበት ቦታ ሲያጣ ያገኘው ቦታ ነው፣ እና መድረኩ ላይ የሚያደርገው ነገርም ከሌሎቹ ይለይ ነበር፣ ብዙ ኮሜዲያን ቆሞ ስለራሱ ኑሮ ያወራል፣ እሱ ግን በአንድ ደቂቃ ውስጥ አሮጊት ይሆናል፣ ራሺያዊ ይሆናል፣ ሰባኪ ይሆናል፣ ሕፃን ይሆናል። እያንዳንዱ ገጸ ባህሪ ነው። ቀልዱን ብታወጪው እንኳን ትወናው ይቀራል።

አሁን ወደ አግዳሚ ወንበሩ እንምጣ። ቦታው ቦስተን ያለው ፐብሊክ ጋርደን ነው። ዊሊያምስ የሚጫወተው የሥነ ልቦና ሐኪም ነው፣ ልጁ ደሞ ወደሱ የሚመጣ ወጣት ታካሚ። ከዛ በፊት ባለው ትዕይንት ልጁ የሰውየውን ስዕል አይቶ በሚስቱ በኩል ነክቶታል፣ ክፉኛ አቁስሎታል፣ እና አሁን ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰውየው መልስ ይሰጠዋል። ድጋሚ ስታዪው ድምፁን ልብ በይ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከፍ አይልም። ቁጣውን ዋጥ አድርጎታል። ጥበብ ከመጽሐፍ ብትጠየቅ ታውቃለህ፣ ግን ያ ቦታ ውስጥ ቆመህ ሽታውን አታውቀውም እያለው እጁ እንኳን ብዙ አይንቀሳቀስም፣ ካሜራው ደሞ ረዥም ጊዜ ፊቱ ላይ ይቆያል፣ ሌላ ተዋናይ ቢሆን እዚህ ጋ ወይ ይጮኻል ወይ ያለቅሳል። እሱ ዝም የሚልባቸው ቦታዎች አሉ፣ ግማሽ ሰከንድ፣ አንድ ሰከንድ፣ እና ሁሉም ልክ ናቸው። ያ የኮሜዲያን ጆሮ ነው። ክለብ ውስጥ በየምሽቱ የሚሰራ ሰው አንዲት ቃል ከመናገሩ በፊት ምን ያህል መጠበቅ እንዳለበት ሰው በመሳቁና ባለመሳቁ ይማራል፣ ግማሽ ሰከንድ ቢፈጥን ቀልዱ ይሞታል። ያንኑ ልኬት ሀዘን ላይ ሲጠቀምበት አንቺን አስለቀሰሽ። ስለዚህ ኮሜዲውን ትቶት አይደለም እንደዛ የሰራው፣ ይዞት ገብቶ ነው።

ጥያቄ፦ ኦዲሽን ላይ በጭንቅላቱ ቆሞ ነው ስራ ያገኘው የሚባለው እውነት ነው ወይስ ዝም ብሎ ወሬ ነው?

መልስ፦ እውነት ነው ወንድሜ። "ሃፒ ዴይስ" የሚባል በጣም ታዋቂ ሲትኮም፣ ማለትም የቲቪ ተከታታይ ኮሜዲ፣ ነበር፣ ፈጣሪው ጋሪ ማርሻል። በ1977 "ስታር ዋርስ" ወጥቶ ልጅ ሁሉ አብዶ ስለነበር የማርሻል ትንሽ ልጅ ለምን ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር አታስገባም አለው፣ አባት እሺ አለ። ለዛች ለአንዲት ክፍል ተዋናይ ሲፈለግ ዊሊያምስ መጣ፣ ተቀመጥ ሲሉት ወንበሩ ላይ በጭንቅላቱ ተተክሎ ቁጭ አለ፣ ማርሻልም ቀጠረው፣ ለምን ሲሉት ከተፈተኑት ሁሉ ብቸኛው የሌላ ዓለም ፍጡር እሱ ስለነበር ነው ብሎ ይናገር ነበር። ክፍሉ በ1978 መጀመሪያ ላይ ታየ፣ በዛው ዓመት መስከረም ላይ "ሞርክ ኤንድ ሚንዲ" ተብሎ ለራሱ ፕሮግራም ተሰራለት፣ እስከ 1982 ቆየ። ሲትኮም ያን ጊዜ የሚቀረጸው በሦስት ካሜራ ነው፣ ሰውየው ግን የት እንደሚዘል ስለማይታወቅ ካሜራዎቹ አጡት፣ ስለዚህ እሱን ብቻ የሚከተል አራተኛ ካሜራ ተጨመረ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር፣ ያ ዘመን ለሱ ጥሩ ብቻ አልነበረም። ዝናው በድንገት ነው የመጣው፣ ከዝናው ጋር ኮኬይንና መጠጥ መጣ። መጋቢት 1982 ላይ ጓደኛው ኮሜዲያን ጆን ቤሉሺ በአደንዛዥ ዕፅ ሞተ፣ ዊሊያምስ በዛች ሌሊት ቀደም ብሎ ቤሉሺ ያረፈበት ቦታ ሄዶ ነበር። ደነገጠ፣ ልጁም ሊወለድ ነበር፣ ሁለቱንም ነገር ተወ፣ ብስክሌት መንዳት ጀመረና ዕድሜውን ሙሉ ብስክሌት የሚወድ ሰው ሆነ። ከሃያ ዓመት በኋላ መጠጡ ተመልሶበት በ2006 ሕክምና ገብቷል፣ ይሄንንም አልደበቀም፣ መድረክ ላይ ራሱ ያወራው ነበር።

ጥያቄ፦ እኔ ስታንድ አፕ እሰራለሁ፣ አራት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ተከታታይ ድራማ ላይ ትንሽ ሚና ሰጥተውኝ ገባሁና ጉድ ሆንኩ፣ ዳይሬክተሩ "አንተ ትጮኻለህ፣ ሁሉንም ነገር ታሳየናለህ፣ ደሞ ሁለቴ አንድ ዓይነት አትሰራም" አለኝ። መድረክ ላይ ሰው ያሳቅኩበት ነገር ሁሉ ካሜራ ፊት ሞተብኝ። ዊሊያምስም እንደዚህ ተቸግሮ ያውቃል? እንዴትስ ተወጣው?

መልስ፦ በደንብ አድርጎ ተቸግሯል! ይሄ ጥያቄ ስለመጣ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ሰው የሚያወራው ስለ ኦስካሩ ነው እንጂ መሀል ላይ ስላሉት ዓመታት ብዙም አይወራም። የመጀመሪያው ትልቅ ፊልሙ "ፖፓይ" ነው፣ በ1980፣ ዳይሬክተሩ ሮበርት አልትማን፣ ማልታ ደሴት ላይ ሙሉ መንደር ተሰርቶ የተቀረጸ (መንደሩ ዛሬም አለ፣ ቱሪስት ይጎበኘዋል)። ግምገማው የተደበላለቀ ነበር፣ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። በ1982 እና በ1984 ጥሩ ጥሩ ፊልም ሰርቷል ግን ኮከብ የሚባለው መድረክ ላይ ነው እንጂ ሲኒማ ቤት አይደለም። ቲቪ ላይ ከታየ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው በ1987 መጨረሻ "ጉድ ሞርኒንግ ቬትናም" የወጣው፣ እና እሱ የመጀመሪያውን የኦስካር እጩነት አመጣለት። ዘጠኝ ዓመት! አንተ አንድ ቀረጻ ላይ ተቸግረህ ነው እንዲህ የጨነቀህ።

ያ ፊልም ለምን እንደሰራለት ተመልከት። ሳይጎን ውስጥ ያለ የወታደር ሬዲዮ አቅራቢ ነው የሚጫወተው፣ ዳይሬክተሩ ባሪ ሌቪንሰን የሬዲዮ ክፍሎቹን ለቀቀለት፣ አብዛኛውን እዛው ማይኩ ፊት በቅጽበት ነው የፈጠረው። ያ ለእብደቱ ግድግዳ ያለው ክፍል እንደመስጠት ነው፣ ስቱዲዮ ውስጥ ሲሆን ይፈነዳል፣ ከስቱዲዮ ሲወጣ ሰው ያዳምጣል፣ ፊቱ ዝግ ይላል፣ ጦርነቱን ያያል። ከዛ በሁለት ዓመቱ "ደድ ፖየትስ ሶሳይቲ" መጣ፣ አስተማሪ ሆኖ ተማሪዎቹን የድሮ ተማሪዎች ፎቶ ፊት አቁሞ ከኋላቸው ሆኖ ያንሾካሹክላቸዋል። ያንሾካሹካል! አራት ካሜራ የማይዘው ሰው።

አንተ የገጠመህ ነገር ግን ቴክኒካልም ነው፣ ዳይሬክተርህ የነገረህም ልክ ነው፣ ቅር አይበልህ። መድረክ ላይ ሰው ይስቃል፣ ሳቁ ለቀጣዩ ቃልህ ሰዓት ይሰጥሃል፣ ቀረጻ ላይ ግን ሰላሳ ሰው ትንፋሹን ውጦ ነው የሚያይህ፣ ምክንያቱም ሳቅ ድምፁን ያበላሻል፣ እና አንተ ዝምታውን ስትሰማ "አልሳቁም" ብለህ ትደነግጥና ትጨምራለህ፣ ስትጨምር ይባስ ይጮኻል። ሁለተኛ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ላለው ሰው የለመድከው ፊት ለካሜራ ሌንስ በጣም ብዙ ነው፣ በቅርብ ሲቀረጽ ቅንድብህ ብቻ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሦስተኛ ያ "ሁለቴ አንድ ዓይነት አትሰራም" ያለህ፣ አንድ ትዕይንት ከብዙ አቅጣጫ ነው የሚቀረጸው፣ በመጀመሪያው ብርጭቆውን በቀኝ እጅህ አንስተህ በሁለተኛው በግራ ካነሳህ ኤዲተሩ ሁለቱን መቀጠል አይችልም፣ ቀልዱ የፈለገ ቢያስቅ ይጣላል።

ዊሊያምስ ይሄን የፈታው ከዳይሬክተሮቹ ጋር በስምምነት ነው። የ"ሚሲስ ዳውትፋየር" ዳይሬክተር ክሪስ ኮሎምበስ እንደሚናገረው መጀመሪያ ሁለት ሦስቴ ስክሪፕቱን እንዳለ ይሰራዋል፣ ከዛ በኋላ አሁን ልጫወት ይላል፣ ይለቁታል። ኮሎምበስም ዘዴ አበጀ፣ ብዙ ካሜራ በአንዴ አስነሳ፣ ዊሊያምስ የማይጠበቅ ነገር ሲል አብሮት የሚጫወተው ሰው የመጀመሪያ ድንጋጤ እንዳያመልጥ፣ ምክንያቱም ያ ፊት ድጋሚ አይገኝም። አንተም እንደዛ አድርግ፣ የተጻፈውን አክብረህ ስጣቸው፣ ያውም በደንብ፣ ከዛ "አንድ ጊዜ በራሴ መንገድ ልሞክር?" ብለህ ጠይቅ። አብዛኛው ዳይሬክተር የሚፈልገው እጁ ላይ ካለ በኋላ እምቢ አይልም።

እና ሌላው፣ ይሄን ከልቤ ነው የምልህ፣ ማዳመጥ ተማር። በ1990 "አዌክኒንግስ" ላይ ከሮበርት ዴኒሮ ጋር ሲጫወት የሚመስለው እውነተኛውን የነርቭ ሐኪም ኦሊቨር ሳክስን ነው፣ አብሮት ብዙ ጊዜ አሳለፈ። ሳክስ በኋላ የጻፈው አንድ ነገር አለ፣ አንድ ቀን እያወሩ ድንገት ሲያየው ዊሊያምስ በትክክል እሱ በተቀመጠበት አኳኋን ተቀምጧል፣ እንቅስቃሴው ሁሉ የሱ ነው፣ እያስመሰለም አልነበረም፣ ድንገት ታናሽ መንትያ እንዳገኘሁ ሆነብኝ ይላል። ዓይን አፋር፣ አንገቱን የሚሰብር፣ በጺሙ የተሸፈነ ሐኪም፣ ፊልሙን ሙሉ ትኩረቱን ለዴኒሮ ሰጥቶ። ኦስካር የታጨው ዴኒሮ ነው፣ ዊሊያምስ አልታጨም፣ ለኔ ግን ከስራዎቹ ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። መድረክ ላይ ብቻህን ስትቆም ማዳመጥ ያለብህ ተመልካቹን ነው፣ ፊልም ላይ ደሞ ፊት ለፊትህ ያለውን ሰው። ጆሮው አንድ ነው፣ የምታዞርበት አቅጣጫ ነው የሚለየው።

ስታንድ አፑንም እንዳትተወው። እሱ አልተወውም፣ በ1986 ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ላይ፣ በ2002 ብሮድዌይ ላይ፣ በ2009 ደሞ የልብ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ እንደገና ዞሮ ሰርቷል።

ጥያቄ፦ አላዲን ላይ ጂኒውን የተናገረው እሱ ከሆነ ሁለተኛው ክፍል ላይ ለምን ድምፁ ተቀየረ?

መልስ፦ ተጣልተው ነው። ለመጀመሪያው ፊልም፣ በ1992፣ ከተለመደው ክፍያው በጣም አንሶ ነው የሰራው፣ በምትኩ ድምፄን አሻንጉሊት ምናምን ለመሸጫ አትጠቀሙበት፣ ፖስተሩ ላይም ጂኒውን አታግንኑት ብሎ ነበር። ዲዝኒ ያንን አላከበረም ብሎ ተቆጣና ቀጣዩን አልሰራም አለ፣ በ1994 በወጣው ክፍል ሌላ ተዋናይ ተናገረው። በኋላ የስቱዲዮው አዲስ ኃላፊ በይፋ ይቅርታ ጠየቀው፣ እሱም በ1996 ለሦስተኛው ተመለሰ። መጀመሪያ እሺ ያሰኙት ግን በምን መሰለህ፣ አኒሜተሩ ኤሪክ ጎልድበርግ የዊሊያምስን የስታንድ አፕ ቅጂ ወስዶ ጂኒው ያንን ሲናገር ስሎ አሳየው። የራሱን ድምፅ ሰማያዊ ጂኒ ሆኖ ሲያየው ሳቀ፣ ገባበት።

ጥያቄ፦ ከስታንድ አፕ ተነስቶ ኦስካር የወሰደ ሌላ አለ?

መልስ፦ አለ እንጂ። ዉፒ ጎልድበርግ በ"ጎስት"፣ ጄሚ ፎክስ በ"ሬይ"፣ ሞኒክ በ"ፕሬሸስ"። ፎክስ በዋና ተዋናይነት ነው የወሰደው፣ ሁለቱ ሴቶች በረዳት። ጂም ኬሪ ግን ያን ሁሉ ሰርቶ አንድም ቀን አልታጨም፣ ይሄ ነገር እስካሁን ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ እኔ በዕድሜ የገፋሁ ሰው ነኝ፣ ይህን ሰው በልጄ ቤት ነው የማየው። እንደዚህ ሰው እያሳቀ የኖረ ሰው በመጨረሻ ሕይወቱን በራሱ እጅ አጠፋ ሲሉኝ ማመን አቃተኝ። የሚያስቅ ሰው ውስጡ ያለቅሳል የሚባለው እውነት ነው ማለት ነው?

መልስ፦ እማማ፣ ስለጻፉልን እግዜር ይስጥልን። ያረፈው ነሐሴ 11 ቀን 2014 ካሊፎርኒያ ቤቱ ውስጥ ነው፣ 63 ዓመቱ ነበር፣ እርስዎ እንደሰሙት ነው አሟሟቱ። "የሚያስቅ ሰው ውስጡ ያለቅሳል" የሚለውን ግን ለሱ ባይሉት ደስ ይለኛል፣ ብዙ ሰው ያን ጊዜ እንደዛ ብሎ ጽፏል፣ ያኔ ምርመራው ገና አልተሟላም ነበር። አስከሬኑ ሲመረመር የተገኘው ሌዊ ቦዲ የሚባል የአንጎል በሽታ ነው፣ አንጎል ውስጥ ፕሮቲን እየተጠራቀመ ሴሎቹን የሚያበላሽ፣ ሰውየውን ያስፈራዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል፣ ያስረሳዋል፣ የሌለ ነገር ያሳየዋል፣ ሰውነቱን ያንቀጠቅጠዋል። በሕይወት እያለ ማንም አላወቀለትም፣ ግንቦት ላይ ፓርኪንሰን ነው ብለውት ነበር። ከላይ "አዌክኒንግስ" ያልኩት ፊልም ላይ የተጫወተው ሐኪም ለታማሚዎቹ የሚሰጠው መድኃኒት የፓርኪንሰን መድኃኒት ነው፣ ይሄን ሳስብ ሁሌ ይከብደኛል።

ባለቤቱ በ2016 በሕክምና መጽሔት ላይ የጻፉት አለ። በመጨረሻው ዓመት ፊልም እየሰራ አንዲት መስመር መያዝ ያቅተውና ይጨነቅ ነበር፣ ከሦስት ዓመት በፊት ግን ብሮድዌይ ላይ አምስት ወር ሙሉ፣ አንዳንዴ በቀን ሁለቴ፣ በመቶ የሚቆጠር መስመር አንድም ሳይሳሳት ተጫውቶ ነበር። አእምሮው ከእጁ እየወጣ እንደሆነ ያውቃል፣ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ይሄ ነው የሆነው እማማ፣ ሳቁ ውሸት ስለነበር አይደለም።

ሳቁ እውነት እንደነበር አንድ ነገር ልንገርዎት። ያ የትምህርት ቤት ጓደኛው ክሪስቶፈር ሪቭ በ1995 ከፈረስ ወድቆ ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ። ሆስፒታል ተኝቶ ቀዶ ሕክምና እየጠበቀ፣ ይተርፋል አይተርፍም በሚባልበት ሰዓት፣ በሩ ተከፈተና የቀዶ ሕክምና ልብስ የለበሰ፣ በራሺያ አነጋገር የሚለፈልፍ ሐኪም ገባ፣ የፊንጢጣ ሐኪም ነኝ፣ አሁኑኑ ልመረምርህ ነው አለው። ዊሊያምስ ነው። ሪቭ ከአደጋው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀው ያኔ እንደሆነና ያኔ እንደምንም ደህና እንደሚሆን እንደተሰማው ጽፏል። ከ1986 ጀምሮ ደሞ ከቢሊ ክሪስታልና ከዉፒ ጎልድበርግ ጋር ሆኖ ቤት ለሌላቸው ሰዎች ገንዘብ የሚሰበስብ የኮሜዲ ዝግጅት ለዓመታት መርቷል፣ ኢራቅና አፍጋኒስታን ድረስ ሄዶ ወታደሮችን አሳቋል።

እርስዎ ቤት ውስጥም በዕድሜ የገፋ ሰው ድንገት ፈሪ ከሆነ፣ ሌሊት መተኛት ካቃተው፣ የሌለ ነገር አየሁ ካለ፣ እርጅና ነው ብለው አይተዉት፣ ለሐኪም ያሳዩት።

ጥያቄ፦ ስራዎቹን ከየት ልጀምር? ቁጥሩ በዛብኝ።

መልስ፦ በቅደም ተከተል አትሂጂ። መጀመሪያ "ጉድ ሞርኒንግ ቬትናም"፣ በሱ ስቀሽ ሳትጨርሺ "አዌክኒንግስ"ን ክፈቺ፣ ሁለቱን ተከታትለሽ ስታዪ ሰውየው ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ ይገባሻል። ከዛ ከፈራሽ ተዪው ግን ካልፈራሽ በ2002 የወጡትን "ዋን አወር ፎቶ" እና "ኢንሶምኒያ" እይ፣ በሁለቱም ክፉ ሰው ነው፣ ያ ሁላችንም የምንወደው ለስላሳ ፊት ሳይቀየር እንዴት እንደሚያስፈራ ታያለሽ። ልጆች ካሉ "ጁማንጂ"።

"ጉድ ዊል ሃንቲንግ"ን ለመጨረሻ አስቀምጪው። እዛ ውስጥ ከአግዳሚ ወንበሩ ሌላ አንድ ቦታ አለ፣ ቢሮው ውስጥ ስለሞተችው ሚስቱ የሚያወራበት፣ ተኝታ ፈስ እየፈሳች ራሷን ትቀሰቅስ ነበር እያለ። ያ ስክሪፕቱ ላይ አልነበረም፣ እዛው የፈጠረው ነው፣ ወጣቱን የሚጫወተው ማት ዴመን የሚስቀው የእውነቱን ነው። እንደምንም ብለሽ ዓይንሽን ከፊታቸው አንስተሽ የምስሉን ጠርዝ ተመልከቺ፣ ትንሽ ይነቃነቃል፣ ካሜራውን የያዘው ሰውዬ እየሳቀ ስለነበር ነው። ያንን ቅጂ አልጣሉትም፣ እንዳለ ፊልሙ ውስጥ ተዉት።